«አሚኖ አሲድዎን በብርሃን እንለካለን» ለሚሉ ሰዎች ብር እንዳትከፍሉ

ያለ መርፌ፣ ያለ ደም፣ በአንድ ደቂቃ ሰውነታችሁ ውስጥ ያለውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበትን ንጥረ ነገር) በሙሉ እንነግራችኋለን የሚሉ ሰዎች ካጋጠሟችሁ ኪሳችሁን ያዙ። የምርመራው ስም ከባድ ነው፤ «መልቲ ፎቶን ፍሎረሰንስ ስፔክትሮስኮፒ» ይሉታል። ስሙ የእውነተኛ ሳይንስ ስም ነው። የያዙት ዕቃ ግን ከስሙ ጋር ትውውቅ የለውም።

አክስቴ በቅርቡ ለምርመራው 1,200 ብር፣ «ይጎድልሻል» ለተባለችው ዱቄትና እንክብል ደግሞ 14,500 ብር ከፍላለች። የሻጮቹን ስም አልጠቅስም። ነገ ታፔላ ቀይረው ሌላ ሰፈር ስለሚከፍቱ ስማቸውን ማወቁ ብዙም አይረዳችሁም። ዕቃውን ብታውቁት ይሻላል።

ዕቃው ትንሽ ሳጥን ነው። በአንድ በኩል በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ይያያዛል። በሌላ በኩል ደግሞ በገመድ የተያያዘ የብረት ዘንግ አለው። ዘንጉን ጨብጣችሁ ትቀመጣላችሁ። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመሮች ይሯሯጣሉ። ከዚያ ፕሪንተሩ ስለ ልብ፣ ስለ ጉበት፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ቆዳ ገጽ በገጽ ይዘረግፋል። አንዱ ገጽ የአሚኖ አሲድ ነው። ዕቃው አዲስ እንዳይመስላችሁ። በየአገሩ «ኳንተም ሪዞናንስ ማግኔቲክ አናላይዘር» እየተባለ ለዓመታት ሲሸጥ የኖረ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። የኛዎቹ «ማግኔቲክ» የሚለውን አውጥተው «ፎቶን» አስገቡበት፣ በቃ።

ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ አክስቴ ወረቀቱን ይዛ እኔ ጋ መጣች። «እስቲ እየው፣ ላይሲንሽ አልቋል አሉኝ» አለች። ወረቀቱ ላይ አሥር የአሚኖ አሲድ ስሞች ተደርድረዋል። ከጎናቸው ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ያላቸው ቁጥሮች አሉ። የላይሲኑ 0.187 ይላል። የምን 0.187? ሚሊግራም ነው? ማይክሮሞል? በሊትር ነው ወይስ በኪሎ? ገጹን አገላብጬ ባየው መለኪያው የትም የለም። መለኪያ የሌለው ውጤት ከኛ ላብራቶሪ ቢወጣ የሚጠብቀንን እኔ ነኝ የማውቀው።

አብረን ተመልሰን ሄድን። ዘንጉን አንስቼ አየሁት። ሌንስ የለውም፣ መስታወት የለውም፣ ቀዳዳ እንኳ የለውም። ድፍን ብረት ነው። «ብርሃኑ በየት ነው የሚወጣው?» አልኩት ዕቃውን የሚያሠራውን ልጅ። «የማይታይ ብርሃን ነው» አለኝ። አልትራቫዮሌትም ሆነ ኢንፍራሬድ ድፍን የብረት ዘንግ አያልፍም። ክርክር ውስጥ ሳልገባ «የማዘርን ዕድሜ 25፣ ክብደቷን 60 ኪሎ ብለህ እንደገና ሞክር» አልኩት። እያቅማማ ሞከረ። ያው እጅ፣ ያው ዘንግ፣ ያው ወንበር። ላይሲኑ ሞላ! አክስቴ ምንም ሳትውጥ በአንድ ደቂቃ ዳነች።

ሳይንሱን ማወቁ ደግሞ ለሌላም ጊዜ ይጠቅማችኋል። ፍሎረሰንስ የሚባለው አንድ ሞለኪውል ብርሃን ውጦ፣ ከጉልበቱ ትንሽ አባክኖ፣ የቀረውን በሌላ ብርሃን መልሶ ሲለቀው ነው። ፕሮቲን ከሚሠሩት 20 አሚኖ አሲዶች ውስጥ ይህን በወጉ የሚያደርጉት ሦስት ብቻ ናቸው። ትሪፕቶፋን 280 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለ አልትራቫዮሌት ይውጥና ውሃ ውስጥ ከሆነ 350 አካባቢ ያበራል። ታይሮሲን 303 አካባቢ ያበራል። ፌኒልአላኒን 282 አካባቢ ነው፣ እሱም በጣም ደካማ። ላይሲንስ? አያበራም። ሜቲዮኒን፣ ሉሲን፣ ቫሊንም እንደዚያው ናቸው። የሚያበራ ኬሚካል አጣብቆ እንዲታዩ ማድረግ ይቻላል። ያ ግን ናሙና ተወስዶ ቱቦ ውስጥ የሚሠራ ነው፣ መዳፍ ላይ አይሆንም። ስለዚህ በፍሎረሰንስ ለካን የሚል ወረቀት ላይ ከመዳፍ የተገኘ የላይሲን ቁጥር ካያችሁ ነገሩ እዚያው አልቋል።

«መልቲ ፎቶን» የሚለውስ? ፎቶን ማለት የብርሃን ቅንጣት ነው፤ «መልቲ» ደግሞ ብዙ ማለት ነው። 280 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ቆዳ ይጎዳል፤ ጠልቆም አይገባም። ስለዚህ አንድ ጉልበተኛ ፎቶን ከመላክ ይልቅ፣ ጉልበታቸው ግማሽ ወይም ሲሶ የሆነ ሁለት ወይም ሦስት ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት ያንኑ ሞለኪውል እንዲመቱ ይደረጋል። አንድ ሰው ያቃተውን መኪና ሦስት ሆኖ እኩል እንደመግፋት በሉት። እኩል ካልገፉ መኪናው ንቅንቅ አይልም። የናኖሜትሩ ቁጥር ሲበዛ የፎቶኑ ጉልበት ስለሚያንስ፣ ለትሪፕቶፋን 560 አካባቢ ያሉ ሁለት፣ ወይም 840 አካባቢ ያሉ ሦስት ፎቶኖች ይበቃሉ።

ሐሳቡን ያመጣችው ማሪያ ጎፐርት-ማየር ናት። ጀርመን ጎቲንገን ውስጥ የሠራችውን የዶክትሬት ጥናት በፈረንጆች 1931 አሳተመች። ሌዘር ስላልነበረ ሐሳቡ በሙከራ እስኪታይ 1961 ደረሰ። በ1990 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ ማይክሮስኮፕ አደረጉት። በ1997 የዌብ ቡድን ከትሪፕቶፋን የሚሠራውን ሴሮቶኒን ሕያው ሴሎች ውስጥ በሦስት ፎቶን አሳየ። የሚገርም ሥራ ነው፣ እኔ እስካሁን ሳነበው ደስ ይለኛል። ግን ምን ይፈልጋል መሰላችሁ? እያንዳንዱ ብልጭታው 100 ፌምቶሴኮንድ አካባቢ ብቻ የሚቆይ፣ በሴኮንድ 80 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚተኩስ ሌዘር። አንድ ፌምቶሴኮንድ የሴኮንድ ሚሊዮንኛው ቢሊዮንኛ ነው። ሌዘሩ ብቻውን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊወጣበት ይችላል። እንዳይንቀጠቀጥ ተብሎ የተሠራ ከባድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኛ ሰፈር ያለው የላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ ተሰክቶ ይሠራል። በ5 ቮልት!

ሌዘሩ ቢኖራቸው እንኳ አይጠቅማቸውም። ቆዳ ራሱ ፕሮቲን ነው። ትሪፕቶፋን ሲያበራ ብታዩት የቆዳችሁን ፕሮቲን አያችሁ ማለት እንጂ ምግባችሁ ምን እንደጎደለው አይነግራችሁም።

ደም ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ የሚለካበት ትክክለኛ መንገድ አለ። በባዶ ሆድ ደም ይወሰዳል፣ ፕላዝማው ይለያል፣ ከዚያ በክሮማቶግራፊ ወይም በማስ ስፔክትሮሜትሪ አንድ በአንድ ይለካል። ውጤቱ በማይክሮሞል በሊትር ይጻፋል። ተመራማሪዎቹ ስፓክማን፣ ስታይንና ሙር አሚኖ አሲድ የሚለካውን አውቶማቲክ ማሽን ይፋ ያደረጉት በ1958 ነው። ምርመራው በዋናነት የሚታዘዘው እንደ ፌኒልኬቶኑሪያ ላሉ በዘር ለሚመጡ በሽታዎች ነው። «ድካም ድካም ይለኛል» ላለ ሰው ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተራ የደም ቆጠራ፣ ከስኳርና ከታይሮይድ ነው።

ላይሲን ካሳሰባችሁ ደግሞ ወጥ ቤት ግቡ። እህል በላይሲን ደከም ይላል፣ ጤፍ ግን ከስንዴ ይሻላል። ሽምብራ፣ ምስርና አተር በላይሲን ሀብታም ናቸው፤ የሚያንሳቸው ሜቲዮኒን ነው። እሱን ደግሞ እህሉ ይሞላዋል። እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው ሁለቱንም አገኘ ማለት ነው፣ በጾምም በፍስክም። ለ14,500 ብር ስንት ኪሎ ሽሮ እንደሚገዛ ራሳችሁ አስሉት።

ከብሩ በላይ ያናደደኝ ሌላ ነው። አክስቴን «ዱቄቱ እስኪሠራ የግፊት መድኃኒትሽን አቆም አድርጊው» ብለዋታል። እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ተነስታችሁ ውጡ። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ማንኛውም የፕሮቲን ዱቄት ሐኪም ሳይጠየቅ አይገባም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። መሣሪያው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበበትን ወረቀት አሳዩን በሉ። የንግድ ፈቃድ አይበቃም፣ እሱማ ለሱቅም ይሰጣል። ቀጥሎ ውጤቱ ላይ ፈርሞ ስሙን የሚጽፍ የጤና ባለሙያ ማነው በሉ። እነዚህን ስጠይቅ የኛዎቹ «ኃላፊው የለም» አሉ። ኃላፊው እስካሁንም አልመጣም።

ከፍላችሁ ከሆነ ዱቄቱን አትክፈቱት። እኛ ያልተከፈቱትን ይዘን ስንሄድ ተጨቃጭቀንም ቢሆን ገንዘቡን መልሰዋል። ለተከፈተው ጣሳ ግን ሳንቲም አልሰጡንም። ደረሰኝ የለም ካሏችሁ የከፈላችሁበትን የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት ፎቶ አንሱት። የምርመራውን ወረቀትም እንዳትጥሉት። ለባለሥልጣኑ ስታመለክቱ ማስረጃችሁ እሱ ነው።