ኦዞን የጠገበ ዘይት ለመሥራት የትኛው ማሽን? ሁለት ጊዜ ተሸውጄ የደረስኩበት

«ስንት ግራም ልግዛ?» ሰሞኑን የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ነው። ወርቅ ቤት የከፈትኩ እስኪመስለኝ ድረስ።

ግራም የሚባለው ማሽኑ በሰዓት አወጣዋለሁ የሚለው የኦዞን (ከኦክስጅን የሚሠራው ጋዝ) መጠን ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውም እሱ ነው። እኔም በዚሁ ቁጥር ተታልዬ ሁለት ማሽን ገዝቻለሁ። 23,500 ብሬ ውሃ በላው። ስለዚህ መልሴን ሳላስጠብቅ ልንገራችሁ፦ ግራሙን ተዉት። መጀመሪያ የምትጠይቁት ማሽኑ ምን እንደሚስብ ነው። የክፍሉን አየር ነው ወይስ ኦክስጅን? አየር ከሆነ ለዘይት አትግዙት፤ ይኸው ነው።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ፦ ዘይት ውስጥ ኦዞን ቡልቅ ቡልቅ እያለ ለሰዓታት ሲያልፍ ዘይቱ ቀለሙን ያጣል፣ ይነጣል፣ ይወፍራል። ፍሪጅ ሲገባ እንደ ቅባት ይረጋል። እኔ የምሠራው ለተሰነጠቀ ተረከዝና ለደረቀ እጅ ነው። ኩባዎች ከሱፍ ዘይት ሠርተው ለእግር ፈንገስ በመድኃኒትነት ይጠቀሙበታል። የእኔ የጓዳ ሥራ ስለሆነ መድኃኒት አልለውም። አይጠጣም፣ ዓይን አካባቢም አይደርስም።

የመጀመሪያው ማሽኔ የአትክልት ማጠቢያ የሚባለው ነው። ነጭ ፕላስቲክ፣ ቀጭን ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ለዓሣ ገንዳ የሚሆን ክብ የአየር ድንጋይ። 9,500 ብር። በሰዓት 600 ሚሊግራም ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተምራችሁ፤ ከማንም ሻጭ ያድናችኋል። የወጥ ቤት ሚዛን ይኑራችሁ። ዘይት ኦዞን ሲይዝ ክብደቱ ይጨምራል። 100 ግራም የወይራ ዘይት እስኪጠግብ ድረስ 15 ግራም ያህል ኦዞን መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዘይቱን ከነጠርሙሱ መዝኑ፣ ማሽኑን የተወሰነ ሰዓት አስኪዱ፣ እንደገና መዝኑ። ትንሽ ኦዞን አምልጦ ይሄዳል፣ ትንሽ ጠረንም ይተናል፤ ቢሆንም ውሸቱን ለማጋለጥ ከበቂ በላይ ነው።

ያንን ነጭ ማሽን አሥር ሰዓት አስኬድኩት። እንደ ጽሑፉ ከሆነ 6 ግራም ገደማ መጨመር ነበረበት። ሚዛኑ አንድ ግራም እንኳ ሊያሳየኝ አልፈቀደም። ጭራሽ ድንጋዩ በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ውስጥ አሸዋ ሆኖ ፈረሰ። ማሽኑ ውሸታም ባይሆን እንኳ ሒሳቡ አያዋጣም፦ ግማሽ ኪሎ የወይራ ዘይት ለማጥገብ 75 ግራም ኦዞን ያስፈልጋል። በሰዓት 600 ሚሊግራም ማለት 125 ሰዓት ነው። አምስት ቀንና አምስት ሌሊት፣ ያውም መብራት ሳይጠፋ!

ሁለተኛው የባሰ ነው። «10 ግራም» የሚል ተለጣፊ ያለበት፣ ውስጡ ነጭ የሴራሚክ ሳህን፣ ከኋላው ማራገቢያ። 14,000 ብር። ሻጩ «ሆስፒታል የሚጠቀመው እሱን ነው» አለኝ። የቱ ሆስፒታል ብዬ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ይህ ዓይነቱ የክፍልና የመኪና ጠረን ለማጥፋት የተሠራ ነው። ማራገቢያ አየር ይበትናል እንጂ ዘይት ውስጥ ገብቶ የሚገፋ ግፊት የለውም። የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ቀጠልኩለት፣ ሳጥኑን በስኮች አሸግኩት፣ ምኑ ቅጡ። 10 ግራም በሰዓት እውነት ቢሆን 100 ግራም ዘይቴ በሁለት ሰዓት መጥገብ ነበረበት። በአምስት ሰዓት የጨመረው 1 ግራም ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሳህኑን ስፈታው ያየሁት ነው። ጠርዙ ላይ ቢጫ የሆነ እርጥብ ነገር ጋግሯል፣ ብሎኖቹ ዝገዋል። አየር ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅንና እርጥበት በኤሌክትሪክ ብልጭታው ውስጥ ሲያልፉ ናይትሪክ አሲድ ይሠራሉ። በክረምት ደግሞ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። እኔ እንግዲህ እሱን ነበር የእህቴ ተረከዝ ላይ ልቀባ የነበረው።

አሁን ወደምመክረው። ኦክስጅን ማምረቻ፣ ማለትም ለታማሚ ቤት የሚቀመጠው ኮንሰንትሬተር፣ ከኳርትዝ (ሙቀት የሚችል መስታወት) ቱቦ የኦዞን ማሽን ጋር። ኮንሰንትሬተሩ ከአየሩ ናይትሮጅኑን ለቅሞ 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ያወጣል፤ የሚያወጣውም ደረቅ ነው። ያው ኦዞን ማሽን በአየር ሲሠራና በኦክስጅን ሲሠራ ልዩነቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የኦክስጅኑ ነው፤ ይህን ግን የሚነግራችሁ የለም።

የእኔ ሒሳብ ይኸው። ያገለገለ፣ በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ ኮንሰንትሬተር 45,000። በሰዓት 5 ግራም የሚል የኳርትዝ ቱቦ ማሽን፣ ሰው ከቻይና ያመጣልኝ፣ 28,000። ቱቦ፣ ረጅም የብርጭቆ ጠርሙስና የብርጭቆ አረፋ ማውጫ 6,500። ጠቅላላ 79,500 ብር። በሚዛን ስፈትነው 100 ግራም ዘይት በአምስት ሰዓት 12 ግራም ጨመረ። አምስት ግራም አይደለም፤ ሁለት ከምናምን ነው። ግን እውነተኛ ሁለት ከምናምን ነው።

«ያገለገለ አይፈራም ወይ?» ትላላችሁ። ለታማሚ ቢሆን እኔም እፈራለሁ። ለዚህ ሥራ ግን የምንፈልገው በደቂቃ ግማሽ ሊትር ነው። በ5 ሊትር ሲከፈት ንጽሕናው የሚወርድ የደከመ ማሽን በግማሽ ሊትር ብዙ ጊዜ ደህና ይሰጣል። የአዲስ አበባ ከፍታ ጫናም በዚህ ፍሰት አያሳስብም። ስትገዙ የሰዓት ቆጣሪውን እዩ። የኋላ ስፖንጁን (የአየር ማጣሪያውን) አውጡና እዩ። ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ቆማችሁ ጠብቁ፤ የኦክስጅን ማነስ መብራቱ ከበራ ውጡ። እርጥብ ቤት ውስጥ ዓመት ከቆመ ደግሞ በነፃም አትውሰዱት። ውስጡ ያለው ናይትሮጅን የሚለቅመው ማዕድን እርጥበት ከጠጣ አለቀ።

ከአሜሪካ ላስመጣ የምትሉ ደግሞ ቆይ። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ስትመጣ በሻንጣ አንድ ይዛልኝ መጣች። ለጉምሩክ ከፈለች፣ ለትርፍ ኪሎ ከፈለች፣ ወገቧ ተቆረጠ። ማሽኑ የ110 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር 6,000 ብር ገዛሁለት። ቮልቱ ተስተካከለ፣ ሄርዙን (መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። የእነሱ 60 ነው፣ የእኛ 50። ኮምፕረሰሩ ቀስ ብሎ እየዞረና እየጋለ ሦስት ሳምንት ቆየና ዝም አለ። እስካሁን ለእሷ አልነገርኳትም።

የኦክስጅን ሲሊንደርስ? በወረቀት ላይ ሲሊንደር ያሸንፋል፣ አልክድም። ባለ 40 ሊትሩ በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ይይዛል። በግማሽ ሊትር ፍሰት 200 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ኦክስጅኑም ከኮንሰንትሬተር የጠራ ነው። እኔ ግን ቤቴ አላስገባም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅንና ዘይት አይተዋወቁ። የሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለውን ቁልፍ በቅባት እጅ መንካት እሳት ያስነሳል፤ ኦክስጅን የሚሞሉ ሰዎች ብሎኑን ግራሶ የማይቀቡት ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እጃችን ዘይት ነው። ኮንሰንትሬተር ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል አያሰጋም። ቢሆንም በአጠገቡ ሻማም ሲጋራም የለም።

የኦዞን ማሽኑን ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፦ ይፈታል ወይ? በሙጫ የተደፈነ ሳጥን ሲበላሽ ቆሻሻ ነው። ቱቦው በብሎን የሚወጣ ይሁን። ይህን የተማርኩት በአንድ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እኔ ተኝቻለሁ። ማሽኑ ወለል ላይ፣ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ። የኦክስጅኑ ግፊት ሲቆም ዘይቱ በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ቀስ እያለ ኳርትዙ ውስጥ ወረደ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ተነሳ። የሰማሁት የመጥበሻ ድምፅ ነው። ሮጬ ነቀልኩት። ኦክስጅን፣ ዘይትና ከፍተኛ ቮልቴጅ በአንድ ቱቦ ውስጥ! እሳት አለመነሳቱ ተመስገን ነው። ኳርትዙ ግን ውስጡ ከሰል ሆኗል። ጠጋኙ በአልኮል ቢያሸው፣ ቢያሸው አልለቀቀም። አዲስ ቱቦ 4,200፣ የእጅ 800። የተደፈነ ቢሆን ኖሮ 28,000 ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ መደርደሪያ ላይ፣ ዘይቱ ከሥሩ ነው። በመካከላቸው ባዶ ጠርሙስ አለ፤ ዘይት ቢመለስ እዚያ ይቀራል። ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን የማይመልስ ቫልቭ አትመኑ፣ ውስጡ ጎማ ነው። ኦዞን ጎማ ይበላል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ጎማው ጎኑ የሚሰነጣጠቀው አንዱ ምክንያት አየር ላይ ያለው ጥቂት ኦዞን ነው፤ ከማሽን የሚወጣው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የእኔ የመጀመሪያ ላስቲክ ቱቦ ሦስት ቀን ነው የቆየው። ሲሊኮን ወራት ይሄዳል፣ ቴፍሎን ከሁሉ ይበልጣል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ማሽኑን አስነስቶ መተኛት የለም።

«ኳርትዝ» ተብሎ ተራ መስታወት የተገባበት ኮፒም አለ። የጎረቤቴ በሁለተኛው ሳምንት ግሎ ተሰነጠቀ። ዋጋው ከእኔ 9,000 ብር ይቀንስ ነበር፤ ቅናሹን ለሁለት ሳምንት ሲነግረኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ሻጮች የማይወዱትን ልናገር። ለራሳችሁ ተረከዝ ብቻ ከሆነ ማሽን አትግዙ። 60 ሚሊሊትር የተዘጋጀ ዘይት እዚህ 3,000 ብር ገዝቻለሁ። እኔ ቤት ለዚያው መጠን የሚገባው የወይራ ዘይት 130 ብር ገደማ ነው። ልዩነቱ 2,870። 79,500 ብሬን ለመመለስ 28 ጠርሙስ መሥራት አለብኝ፣ የመብራቱን ሳልቆጥር። እኔ ለቤተሰብና ለእህቴ ፀጉር ቤት ስለምሠራ በስምንት ወር መለስኩት። በዓመት ሁለት ጠርሙስ የምትጨርስ ሰው ግን 14 ዓመት ትጠብቃለች።

ስለ ዘይቱ ዓይነት፦ የወይራ ይሁን። የኮኮናት ዘይት ሞክሬ አልወፍር ሲለኝ ማሽኑን ረገምኩ፤ ጥፋቱ የዘይቱ ነበር። ኦዞን የሚይዘው ያልጠገበ (አንሳቹሬትድ) የሚባለው ስብ ነው። ኮኮናት አብዛኛው የጠገበ ስለሆነ በ100 ግራም ሁለት ግራም እንኳ አይይዝም። የኛ ኑግ ተቃራኒው ነው፤ ወደ 25 ግራም ይይዛል። ኪሱ ሰፊ ነው፣ ግን የወይራውን አንድ ተኩል እጥፍ ሰዓት ይፈጃል። ጠረኑም ኃይለኛ ነው። እናቴ አንድ ጊዜ አሽትታው «ይኼ የአህያ ኮርቻ ነው» ብላለች። መዓዛ ያለው ቅባት ጠብ ለማድረግ ከፈለጋችሁ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ኦዞን ከእነዚያ ጋር ኃይለኛ ነው።

የት ትሠራላችሁ የሚለው ከዋጋው ይበልጣል። በረንዳ ላይ። አሜሪካኖች ለሠራተኛ የፈቀዱት የስምንት ሰዓት ገደብ ከአሥር ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ነው። አፍንጫ ከዚያ በታችም ይሸተዋል፣ ግን ቶሎ ይለምደዋል። ስለዚህ «አሁን አይሸተኝም» ማለት የለም የሚል ማስረጃ አይደለም። ጉሮሮ ከከረከረ ነቅሎ መውጣት ነው። ከጠርሙሱ የሚወጣውን ትርፍ በቱቦ ከቤቱ አርቁት፤ ወደ ጎረቤት መስኮት ግን አይደለም፣ እኛ ግቢ በዚህ ተኮራርፈናል። አስም ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አትጀምሩት።

ነጩ ማሽን አሁን ወንድሜ ቤት ሰላጣ ያጥባል፤ ደስተኛ ነው። የሴራሚኩን ልመልስ ብሄድ ሻጩ «ስለተፈታ አንቀበልም» አለኝ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል። ያው ሳጥን፣ ያው ማራገቢያ። ተለጣፊው ብቻ ተቀይሯል፤ አሁን 20 ግራም ይላል።