ሰባት መቀመጫና አንድ ምጣድ፦ 11 ወር ከኤሌክትሪኳ አይዲ 6 ጋር

መኪና ልገዛ ነው ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነበር። የስንት ዓመት ምርት ናት? ስንት ሄዳለች? ግጭት የለባትም? «ለመሆኑ የት ትሰኪያታለሽ?» ያለኝ ግን አልነበረም። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት እሱ ነበር።

ከልጆቹ ጋር አምስት ነን፤ እናቴ ስትጨመር ስድስት። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በፊት የነበረችን አሮጌ ራቭ ፎር ነበረች። ደግ መኪና ናት፤ ግን ስድስት ሆነን ስንገባ አንዱ ልጅ ጭን ላይ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ያገለገለች የቤንዚን መኪና ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ግን ገበያ ላይ ያሉት እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ናቸው። ሦስት አየሁ። አንዷ በሮቿ በሙሉ ተቀብተዋል። የሁለተኛዋ ሊብሬ በሌላ ሰው ስም ነው። የሦስተኛዋን ዋጋ ደላላው ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። እዚያ ላይ ትንሽ ጨምሬ 9,000 ኪሎ ሜትር የሄደች አይዲ 6 ገዛሁ።

ለማታውቋት፦ ቮልስዋገን ቻይና ውስጥ ብቻ የሚያመርታት፣ በሦስት ረድፍ ሰባት ሰው የምትይዝ ኤሌክትሪክ መኪና ናት። ርዝመቷ 4.9 ሜትር ገደማ ነው። የኔዋ ትልቁ ባትሪ ያላት ናት፤ 84.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚባለው። የተሠራችው ለቻይና ገበያ ስለሆነ ስክሪኗን ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ማስቀየር ነበረብኝ። ድምፅዋ ግን እስከ ዛሬ ቻይንኛ ነው። ትንሿ ልጄ መልስ መስጠት ጀምራለች።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የመጀመሪያውን ወር በኤክስቴንሽን ነው ያሳለፍኩት፤ ከኩሽና መስኮት ቁልቁል እስከ መኪና ማቆሚያው። አንድ ቀን ወጥቼ ሳይ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ካልሲ አስጥታበታለች። ኤክስቴንሽኑም ይግላል፤ በእጄ ስነካው ደነገጥኩ። እንዲህ አታድርጉ። ከዚያ ኮሚቴው ጋር ሄድኩ። የእነሱ ስጋት አንድ ነው፦ የውኃ ፓምፑና የደረጃው መብራት ከሚቆጥርበት የጋራ ቆጣሪ እንዳልሰርቅ። ከራሴ ቆጣሪ ራሱን የቻለ መስመር፣ የራሱ ማቋረጫ ያለው፣ በራሴ ወጪ ላስዘርጋ ብዬ በስንት ምልልስ ተፈቀደልኝ።

መስመሩን የዘረጋልኝ ኤሌክትሪሽያን በምጣድ ነው ያስረዳኝ። «የእንጀራ ምጣድሽ ሦስት ሺህ ተኩል ዋት ገደማ ይበላል። ይቺን በ32 አምፔር ከሞላሻት ሁለት ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ጣድሽ ማለት ነው።» የሕንፃውን መስመር አይቶ ወደ 16 አምፔር ዝቅ አደረገው። አንድ ምጣድ። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የባትሪውን ሩብ ያህል ይሞላልኛል። ከተማ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኔ የሦስት ቀን መንገድ። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲመጣ ራሱ ይቀጥላል። ማታ ማታ ሁሉም ቤት ምድጃ ሲጣድ ኃይሉ ስለሚወርድ ቀደም ብዬ አልሰካም።

ወጪው? በወር 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። በድሮዋ ቢሆን 120 ሊትር ቤንዚን ነው፤ ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፣ እናንተው አባዙት። ሰልፉን ሳልቆጥር። አሁን የመብራት ሂሳቤ ላይ የተጨመረው 2,000 ብር ደርሶ አያውቅም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የመብራት ታሪፍ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የኪሎዋቱም ዋጋ ከፍ ይላል። መኪናዋ ራሷ ከምትበላው በላይ የቤታችሁን ፍጆታ ጭምር ወደ ላይኛው እርከን ትገፋዋለች።

አነዳዷን ከልቤ ወድጄዋለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል የቤንዚን ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለዚች አየሩ ምኗም አይደለም። እንጦጦን ስትወጣ ሰው የጫነች አትመስልም። ማርሹን ቢ ላይ አድርጌ (እግሬን ሳነሳ ሞተሩ ራሱ የሚያዘገይበት ነው) ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ ፍሬን የምነካው ከስንት አንዴ ነው፤ ቁልቁለቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ሆኖ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሽሮ ሜዳ ወይም ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትኖሩ ግን ማታ እስከ 100 አትሙሏት። ጠዋት ከቤት እንደወጣችሁ ቁልቁለት ነው፣ ሙሉ ባትሪ ደግሞ መቀበያ የለውም። ያኔ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ከከተማ ውጭ የፈተንኳት አዳማ ነው። ስንሄድ 18 በመቶ በላች። ስንመለስ 28። ባለቤቴ ተበላሸች ብሎ ነበር። አልተበላሸችም፤ አዳማ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። መኪናዋ ብቻዋን ከሁለት ቶን በላይ ናት። እሷን፣ እኛንና የገዛነውን ሽንኩርት ያንን ያህል ሽቅብ መግፋት አምስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወደ ቆላ ስትወርዱ መመለሻውን ቀድማችሁ አስሉ።

አሁን ወደ ሰኔው ጉድ። ጠዋት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው። ቁልፉን ስጫን ዝም። ስክሪን የለም፣ መብራት የለም። ማታ ባትሪው 70 በመቶ ነበር! ቁልፉ ውስጥ ያለችውን ብረት አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። ለካ እነዚህ መኪኖችም እንደማንኛውም መኪና ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። በሩን፣ ስክሪኑን፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘውን ማብሪያ ሁሉ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ሞልቶም አይጠቅም። የኔዋ ትንሿ ባትሪ መኪናዋ ሳትነዳ ብዙ በመቆሟ የደከመች ነበረች። ምድር ቤት የሚኖሩ ጋሼ ዲኤክሳቸውን አስጠግተው በኬብል አስነሱልን። ዕድሜዋ ከኔ የሚበልጥ መኪና! ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው «ይሄን ሁሉ ባትሪ ተሸክማ ባትሪ አለቀባት ነው የምትይኝ?» ሲሉ ልጆቹ ፈተናውን ረስተው ሳቁ። ሻጩ ጋ ስደውል «እሱ ዋስትናው ውስጥ አይገባም» አለኝ። አዲስ ገዛሁ። ያገለገለች ኤሌክትሪክ ስትገዙ ይቺን ትንሿን አስለኩ።

መቀመጫውን ልንገራችሁ። መካከለኛው ረድፍ ሰፊ ነው፤ እናቴ ጉልበቷን ሳታመም ትገባለች። ሦስተኛው የልጆች ነው። ወለሉ ሥር ባትሪ ስላለ ከፍ ይላል፣ አዋቂ ከተቀመጠ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ነው። እሱ ሲዘረጋ ከኋላ የሚቀረው ቦታ ለዘንቢል እንጂ ለጤፍ ጆንያ አይሆንም። ለፋሲካ ባለቤቴ በጉን እንደ ድሮው ከኋላ እንጫነው አለ። ነጩን ወንበር አየሁ፣ እሱን አየሁት። በጉ በተሸካሚ ትከሻ መጣ።

ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታ የሚባል ነገር የለም። የፊትና የኋላ ጎማዎቿም ስፋታቸው ስለሚለያይ ማቀያየር አይቻልም። የምታምኑት ጎሚስታ ስልክ ይኑራችሁ። ሆዷም ረጅም ነው፤ የግቢያችን ጉብታ ላይ ሞልተን ስናልፍ ሁለቴ ተፍቃለች፤ አሁን እናቴ ካልሆነች ሁሉም ወርዶ ይሻገራል።

ዛሬ 21,000 ላይ ናት። ግቢያችን ውስጥ የምንሰካው አራት ሆነናል። አራት ምጣድ። ኮሚቴው ለእሑድ ስብሰባ ጠርቶናል።