የአንገት በላይ ሐኪማችን ይመስገኑልን፤ የምራቅ ዕጢ ካንሰር የታከማችሁ ይህን አንብቡ

ዶክተር ስማቸው እንዳይነሣ ስለጠየቁ አልጽፈውም፤ በእጃቸው ያለፋችሁ ግን ታውቋቸዋላችሁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን!

ከጆሮ ሥር ባለው የምራቅ ዕጢ ላይ የወጣ ካንሰር በቀዶ ሕክምናና በጨረር የታከሙ አንድ አባት ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሳንባቸው ላይ ትንሽ እባጭ ታየ። ቀድመው የሄዱባቸው ቦታዎች ሲቲ ስካኑን ብቻ አይተው "የድሮው ነው፣ ተሰራጭቷል" ብለው ሸኟቸው። ናሙና የለ፣ ጥያቄ የለ! ግምቱ እንኳ ከሜዳ አልመጣም፤ አዴኖይድ ሲስቲክ የሚባለው የምራቅ ዕጢ ካንሰር ዓይነት ከ10 ዓመት በኋላም ሳንባ ላይ ብቅ የሚል ተንኮለኛ ነው። ግን ግምት ምርመራ አይደለም። ይህን ካንሰር የታከመ ሰው ከድሮው ጋር የማይዛመድ፣ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ካንሰርም ሊይዘው ይችላል፤ ያጨስ ከነበረ ደግሞ ሳንባው በደንብ መታየት አለበት። ሕክምናውም ፈጽሞ ይለያያል።

ዶክተር ፊልሙን አይተው ያሉት አንድ ነገር ነው፦ "የድሮው ብሎክ ይምጣ።" በቀዶ ሕክምና የወጣው ሥጋ በፓራፊን (በሰም) ተደርጎ የሚቀመጥበትን ማለታቸው ነው። ስላይድ (መስታወት ላይ የተዘጋጀው ስስ ቁራጭ) ብቻ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ከብሎኩ ስስ ቁራጭ እየተቆረጠ ተጨማሪ ቀለም ይቀባል። ከሳንባው በመርፌ ናሙና ተወሰደና ፓቶሎጂስቱ (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩት ሐኪም) ሁለቱን ጎን ለጎን አዩ። ቲቲኤፍ-1 የሚባለው ቀለም የሳንባውን ያዘ፣ የድሮውን አልያዘም፤ ይህም የሳንባው እባጭ ከራሱ ከሳንባው የተነሣ መሆኑን ይጠቁማል። (ይህ ብቻውን አይፈርድም፤ ስኳመስ የሚባለው የሳንባ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቀለም አይዝም፤ የሴሎቹ መልክም አብሮ መታየት አለበት።) ዋረንና ጌትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለተኛ ካንሰርን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስቀመጡት መመዘኛም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሁለቱም ካንሰር መሆናቸው፣ ለየብቻ መሆናቸው፣ አንዱ የሌላው ስርጭት አለመሆኑ።

ውጤቱንም ወረቀት አቀብለው አልሸኟቸውም። ወንበራቸውን ስበው አጠገባቸው ቁጭ አሉና "አባባ፣ ይሄ የዚያ ልጅ አይደለም። ገና ትንሽ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል" አሏቸው።

እንዲህ ያለ ሐኪም ያዙ! አደራ! አብዛኛው ታካሚ ሁለተኛ ካንሰር አይመጣበትም፤ የሚመጣበት ግን በጊዜ መያዝ አለበት። ጥሩ ክትትል ያስታውቃል፦ ሐኪሙ ጓንት አድርጎ ጣቱን ከምላስ ሥር ያስገባል፣ በሌላ እጁ ከአገጭ በታች እየደገፈ ይዳስሳል፤ ንፍፊቱንና ታይሮይዱን (አንገት ላይ ያለውን ዕጢ) ይፈትሻል፤ ጨረር ያረፈበትን ቆዳም ያያል። አንገት በጨረር ከታከመ በየ6 እስከ 12 ወሩ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ያዝዛል። ቲኤስኤች ታይሮይዱ መድከሙን ይናገራል እንጂ ካንሰር አይፈልግም፤ እብጠት ከተዳሰሰ አልትራሳውንድ ነው የሚያስፈልገው። አፍ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ቀጠሮው በመጀመሪያው ዓመት በየ1 እስከ 3 ወር፣ በሁለተኛው በየ2 እስከ 6፣ እስከ 5ኛው ዓመት በየ4 እስከ 8፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ነው። 5 ዓመት ሲሞላ "ድነሃል፣ አትምጣ" የሚሉ አሉ፤ ይሄ ያናድዳል! ጨረር የሚያመጣው ካንሰር ባብዛኛው ብቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፣ 10 ዓመት አልፎትም ይመጣል። በልጅነቱ ጭንቅላቱ ወይም አንገቱ ጨረር ያገኘው ሰው ደግሞ ለምራቅ ዕጢም ለታይሮይድም ዕባጭ የተጋለጠ ስለሆነ፣ አንዱ ሲገኝ ሌላው ይፈተሽ።

ስትሄዱ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት፣ የፓቶሎጂውን ውጤትና የጨረሩን ማጠቃለያ ያዙ። ማጠቃለያው ላይ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ የት የት እንዳረፈ መጻፉን እዩ። የፓቶሎጂ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ብሎኩ ከመደርደሪያ የሚፈለገው በእሱ ነው። የቆየ ብሎክ የሚያስወግዱ ቦታዎችም ስላሉ እስከ መቼ እንደሚያቆዩት አሁኑኑ ጠይቁ።