የማይግሬን የአፍንጫ ስፕሬይ፦ ራሴን አዳነ፣ ጉሮሮዬን ግን አትጠይቁኝ

ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት ያለበት ሰው ይሄን ያውቀዋል። ኪኒን ትውጣለህ፣ ያስመልስሃል፣ ከዚያ ኪኒኑ አብሮ ወጣ አልወጣ እያልክ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትጨነቃለህ። ባያስመልስህም እንኳ ሕመሙ ሲነሳ ሆድ ሥራውን ስለሚያዘገይ የዋጥከው ቶሎ አይደርስልህም። ሐኪሜ ሱማትሪፕታን የሚባለውን፣ በአፍንጫ የሚነፋውን የ20 ሚሊግራሙን ያዘዘችልኝ ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዋን አባከንኳት። እንደ ጉንፋን ስፕሬይ መስሎኝ ይሠራ እንደሆን ልይ ብዬ አየር ላይ ጫን ሳደርጋት ያለው ሁሉ ፊስ ብሎ አለቀ። ለካ አንዷ ዕቃ አንዴ ብቻ ነው የምትነፋው!

ሁለተኛዋን ደግሞ በደንብ ይግባልኝ ብዬ አንገቴን ወደ ኋላ ቀልብሼ በኃይል ሳብኳት። ምሬቱን አልነግራችሁም። ኮሶ ጠጥቼ አላውቅም፣ እናቴ ፊቷን አጨማዳ የምታወራልኝ ኮሶ ግን ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱን በኋላ ሳነበው ራስን ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው የሚለው። እንደዚያ ሳደርግ ምሬቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ሕመሙ ግን ጥሩ ቀን ሲሆን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቀኛል፣ ኪኒኑ አይወዳደረውም።

ምሬቱ የሚመጣው አፍንጫችን ራሱን ስለሚያጸዳ ነው። የገባውን ነገር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከንፍጡ ጋር ወደ ጉሮሮ ይጠርገዋል። ስለዚህ ከነፋሁት ብዙው ሆዴ ነው የሚገባው። ዞሮ ዞሮ መዋጥ!

ተመራማሪዎች አሁን የሚሠሩት ጄል ቀልቤን የሳበው እዚህ ላይ ነው። ፖሎክሳመር 407 የሚባል ነገር አለ፣ ጠባዩ የቅቤ ተቃራኒ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ፣ ሲሞቅ ይረጋል። እንደ ውኃ ይነፋል፣ አፍንጫ ውስጥ ሲሞቅ ይወፍርና ይጣበቃል። ካይቶሳን የሚጨምሩም አሉ፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ፣ መጣበቁን የሚያጠነክር። የነሱ ዓላማ ከኔ ራስ ምታት ይሰፋል። አንጎልን ከደም የሚለየው አጥር አብዛኛውን መድኃኒት አያሳልፍም፣ የማሽተት ነርቭ ግን ከአፍንጫ ጣሪያ ቀጥታ ወደ አንጎል ይሄዳል። በዚያ በኩል ለፓርኪንሰን፣ ለአልዛይመር፣ ለሚጥል በሽታ የሚሆን ነገር ማስገባት ይቻል እንደሆን ነው የሚሞክሩት። እናቴ ምች ሲመታኝ ዳማከሴ አሽታ አፍንጫዬ ላይ ስትይዝልኝ የነበረው ትዝ አለኝ፣ እሷ ስለ ነርቩ ባታውቅም።

እኔ ግን ገና እልል አልልም። ብዙው ሙከራ በአይጥ ላይ ነው፣ የአይጥ አፍንጫ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለማሽተት የተሠራ ነው፤ የኛ ከአሥር እጅ አንዱም አይሞላ። አፍንጫ ውስጥ የሚቆይ ነገር ጉዳትም አብሮ ሊያቆይ ይችላል። በ2009 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሰዎች ማሽተት አቃተን ብለው ስላመለከቱ ዚንክ ያለበትን አንድ የጉንፋን የአፍንጫ ጄል አትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቋል። ቡና ሲቆላ ካላሸተትኩ ምን ቀረኝ?

ለስፕሬዩ ከ5 3 ልሰጥ ነበር። አንዱን ለምሬቱ፣ አንዱን ላባከንኳት ቀንሼ። ያባከንኩት እኔው ስለሆንኩ 4 ይሁን። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባችሁ ግን ከኔ ላይ ተበድራችሁ እንዳትሞክሩት፣ ለናንተ አይሆንም።