ፒዲቢ፦ ኢንዛይም ቅርጹን ሲቀይር ለማየት ይበቃል?

ሐዋሳ ዋናው ግቢ ባዮኬሚስትሪ የወሰደ ተማሪ «ሲቲፒ ሲበዛ ኤቲሲኤዝን ያግዳል» የሚለውን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል (ኤቲሲኤዝ ሲቲፒ የሚሠራበትን መንገድ የሚያስጀምር ኢንዛይም ነው፤ ሲቲፒ ደግሞ የአርኤንኤ መሥሪያ ከሆኑት ሞለኪውሎች አንዱ)። እንዴት እንደሚያግደው ግን ሰሌዳ ላይ አይታይም። ፒዲቢ፣ ከ1971 ጀምሮ የፕሮቲን ቅርጾች የሚቀመጡበት ማከማቻ፣ ለዚህ ሁነኛ ነው። ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም።

የኢ. ኮላይ ባክቴሪያን ኤቲሲኤዝ በሁለት መዝገብ ይክፈቱ። 5ኤቲ1 (5AT1) ሲቲፒ የያዘው፣ የተወጠረው፣ ሥራው የደከመው ቅርጽ ነው፤ 1ዲ09 (1D09) ደግሞ ፓላ የተባለ ሞለኪውል የተቀመጠበት፣ የላላው፣ ንቁው። (ፓላ ራሱ አጋጅ ሆኖ ሳለ ንቁውን ቅርጽ ማሳየቱ አይግረማችሁ፤ ኢንዛይሙ የሚሠራባቸውን ሞለኪውሎች ስለሚመስል ነው።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲያወርድ ነው። ተራው ፋይል አራት የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የክሪስታሉን የማይደገም ክፍል ብቻ ነውና። ሙሉው ኢንዛይም ግን አሥራ ሁለት አለው፦ ስድስቱ ባለ 310 አሚኖ አሲድ፣ ሥራውን የሚሠሩት፤ ስድስቱ ባለ 153፣ ተቆጣጣሪዎቹ። ስለዚህ «ባዮሎጂካል አሴምብሊ» የሚለውን ያውርዱ። ፓይሞል በተባለው የፕሮቲን ቅርጽ ማሳያ ፕሮግራም ላይ ከፍተውት አሁንም አራት ብቻ ካዩ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ቅጂዎቹ በተለያየ ሞዴል ስለተቀመጡ ሁሉም አንድ ላይ እንዲታዩ ማዘዝ ነው።

ሲያነጻጽሩ ሙሉውን በሙሉው ላይ አይደርቡ፣ ልዩነቱ ተበታትኖ ይጠፋል። ሥራ የሚሠሩት ስድስት ሰንሰለቶች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ቡድን ተቀምጠዋል፤ አንዱን ቡድን ብቻ ይደርቡና ሌላውን ይመልከቱ፦ በላላው ቅርጽ ወደ 11 አንግስትሮም (አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ርቆ፣ ዞርም ብሎ ያገኙታል። ሲቲፒን ፈልገው ከሥራ ቦታው ያለውን ርቀት ቢለኩ ደግሞ 60 አንግስትሮም ያህል ይሆናል። እገዳው የሥራ ቦታውን በመድፈን እንዳልመጣ በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ ሰንሰለት ላይ በአራት ሲስቴይን የተያዘችውን ዚንክም አይለፏት፤ የሜርኩሪ ውህድ ከቦታዋ ሲያስለቅቃት ኢንዛይሙ ይበታተናል፣ ሥራ የሚሠሩት ቡድኖች መሥራታቸውን ቢቀጥሉም ሲቲፒን አይሰሙም።

ጉድለቱ፣ የሚያዩት መነሻና መድረሻውን ብቻ ነው፤ በመካከል ያለው እንቅስቃሴ የለም። ፕሮግራሞች ሁለቱን አገናኝተው የሚሠሩት ተንቀሳቃሽ ምስል ያማረ ግምት ነው፣ መረጃ ብለው ሪፖርት ውስጥ እንዳያስገቡት። በስልክ መክፈት ይቻላል፣ አሥራ ሁለቱን ሰንሰለት ማዞር ግን ያስመርራል። ኔትወርክ ደህና ሲሆን ሁለቱን ፋይል አውርደው ላፕቶፕ ላይ ቢያስቀምጡ፣ መብራት ቢሄድም ባትሪው እስኪያልቅ መሥራት ይቻላል።