ተጠቅመው የሚጥሉት፣ ፖዱ ወይስ ሞዱ? የቬፕ ንጽጽር ከነቤት ሂሳቡ

ቬፕ (በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ለመግዛት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ዋጋ ነው። ቤት ያለችው ሚስት ወይም ቤት ያለው ባልም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ግን ሁለቱም ወገን የሚያየው ትንሹን ቁጥር ነው። መሣሪያው አንዴ ይገዛል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ገንዘብ የሚበላው ፈሳሹና ፈሳሹን የሚያሞቀው ኮይል ነው። ስለዚህ እዚህ መሣሪያዎቹን የማወዳድረው በወር በሚጠይቁት ወጪ፣ ይዘውት በሚመጡት ጣጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውን ከሲጋራ ለማላቀቅ ባላቸው አቅም ነው።

ጽሑፉ ሲጋራ ለሚያጨሱና መውጫ ለሚፈልጉ አዋቂዎች ነው። የማያጨስ ሰው ቬፕ የሚጀምርበት ምንም ምክንያት የለም። ኒኮቲን ሱስ ነው፣ የቬፕ የረጅም ጊዜ ጉዳትም ገና ተጠንቶ አላለቀም። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ጨርሶ አይሆንም። ሌላው ሕጉ ነው። ሲንጋፖር ሙሉ በሙሉ ከልክላዋለች። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ሽያጩን አግዳለች፣ ኢትዮጵያ ውስጥም መሸጥ የተከለከለ ነው። የምትኖሩበት አገር ሕግ ካልፈቀደ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ስላለ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ።

ከመሣሪያው በፊት አሳሳቡን ምረጡ

ሁሉም ቬፕ ውስጡ አንድ ዓይነት ነው። ባትሪ አለ፣ ኮይል የሚባል የሚግል ሽቦ አለ፣ ሽቦውን የሚነካ ጥጥ አለ። ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦው ያሞቀዋል፣ ተን ይወጣል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ የአትክልት ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫ ቃና እና ኒኮቲን ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው በአሳሳቡ ነው። አንደኛው ዝግ ያለው የሲጋራ አሳሳብ ነው፦ ተኑን መጀመሪያ አፍ ውስጥ ይይዙታል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ያወርዱታል። ለዚህ ኮይሉ 0.8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ኃይሉም ከ10 እስከ 20 ዋት ይበቃል። ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚሳበው ፈጣኑ ነው። ኮይሉ ከ0.4 ኦም በታች ነው፣ ኃይሉ 40፣ 60፣ 80 ዋት ይደርሳል፣ የሚወጣውም ተን ክፍል ይሞላል።

ሲጋራ ለማቆም የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ይምረጥ። ሰውነቱ የለመደው እሱን ነው። የኒኮቲኑ መጠንም በዚህ ይወሰናል። ለዝግታው አሳሳብ 10 ወይም 20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር የሆነ "ኒኮቲን ሶልት" ይሆናል፤ ጉሮሮ ብዙ አይቆረቁርም። በቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚሳበው ግን ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ግራም ነው የሚያዘው። 20 ሚሊ ግራሙን ትልቅ መሣሪያ ላይ የሞላ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ሻጩ ይህን ሳይጠይቃችሁ ፈሳሽ ካቀበላችሁ ሌላ ቦታ ግዙ።

ተጠቅመው የሚጥሉት

ምንም ማወቅ አይጠይቅም። ከፍቶ መሳብ ነው። አንዴ ሞክሮ "ይህ ነገር የሲጋራውን ጥማት ይቆርጥልኛል ወይ?" የሚለውን ለመመለስ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ግን አልመክረውም።

ሂሳቡን ተመልከቱ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኒኮቲን ያለው እንዲህ ያለ ቬፕ የሚይዘው ፈሳሽ ቢበዛ 2 ሚሊ ሊትር ነው። በቀን 3 ሚሊ ሊትር የሚጠቀም ሰው በወር 90 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ ይህ 45 መሣሪያ ማለት ነው። 45 ባትሪም አብሮ ይጣላል። ብዙ ሺህ ጊዜ ይሳባል እየተባለ የሚሸጠው ትልልቁ ዓይነት በቁጥር ያንሳል፣ ግን እሱም ሲያልቅ ቆሻሻ ነው፣ ኒኮቲኑንም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ አይመችም። ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ እና ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2025 ሽያጩን አግደዋል። አንዱ ትልቅ ምክንያታቸው ይኸው ቆሻሻ ነው፣ ሌላው ደግሞ የልጆች እጅ መግባቱ ነው።

ለትዳር አጋር ማስረዳት የሚከብደውም ይኸኛው ነው። ሲገዛ ትንሽ ስለሚመስል ማንም አይቆጥረውም፣ የወሩ መጨረሻ ላይ ግን ከሲጋራው ወጪ ጋር ሊስተካከል ይችላል።

ፖድ

ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። ስሙን ያገኘው ፈሳሹን ከሚይዘው ተነቃይ መያዣ ነው፤ እሱም ፖድ ይባላል። ቻርጅ ይደረጋል፣ ፈሳሽ ይሞላል፣ ሲሳብ ራሱ ይበራል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ላይ ኮይሉ ከፖዱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ኮይሉ ሲቃጠል ፖዱን አውጥቶ አዲስ መክተት ነው። የቬፖሬሶ ኤክስሮስ ቤተሰብ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ላይ ፖዱ ይቀመጥና ኮይሉ ብቻ ተነቅሎ ይቀየራል፤ ዩዌል ካሊበርን ጂ የዚህ ምሳሌ ነው። ኮይል ብቻ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ፖዱን ሙሉውን መቀየር ደግሞ ንጹሕ ነው፣ እጅ አያቆሽሽም፣ የማንጠባጠብ ችግሩም ያነሰ ነው። ለጀማሪ የማይነቀለውን እመርጣለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሰውን ወደ ሲጋራ የሚመልሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ሳይሆን ጣጣው ነው።

አንድ ኮይል እንደ አጠቃቀሙ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ስኳርነት የሚበዛበት ፈሳሽ ግን ቶሎ ያጠቁረዋል። ኮይል ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለባችሁ መሣሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ፈሳሹን ቀይሩ። አዲስ ፖድ ሞልታችሁ ወዲያው አትሳቡ። አሥር ደቂቃ ያህል አስቀምጡት፣ ጥጡ በደንብ ይጠጣ። ይህን ባለማወቅ ብቻ ስንቱ ኮይል በመጀመሪያው ሳብ ተቃጥሏል!

ድክመቱ ባትሪው ነው። 1000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ቢይዝ ለዝግታው አሳሳብ አንድ ቀን ያህል ያደርሳል፤ ብዙ ለሚስብ ሰው ግን ማታ ላይ ያልቃል። ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ስለሆነም ሲደክም መሣሪያው በሙሉ ይቀየራል።

ፖድ ሞድ

በፖዱና ሞድ በሚባለው ትልቅ መሣሪያ መሃል ያለው ነው። ከፖዱ ተለቅ ይላል፣ ስክሪን አለው፣ ዋቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ኮይል በመቀየር ብቻ ከዝግታው አሳሳብ ወደ ፈጣኑ ይሻገራል። ቀን ሙሉ ከቤት ውጭ ለሚውልና ብዙ ያጨስ ለነበረ ሰው ባትሪው የተሻለ ስለሆነ ይመቻል። ለሌላው ሰው ግን ሳይነካው ለሚቀር ማስተካከያ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ነው።

ቦክስ ሞድ ከነታንኩ

እዚህ ላይ ነገሩ ከሲጋራ ማቆም ወጥቶ መዝናኛ ይሆናል። ጊክቬፕ ኤጂስ ሌጀንድን የመሰሉት ሁለት ባትሪ የሚይዙ፣ እስከ 200 ዋት የሚደርሱ፣ ውኃና አቧራ የማይደፍራቸው ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው። ባትሪው ወጥቶ ስለሚቀየር መሣሪያው ራሱ ለዓመታት ያገለግላል። ታንኩ፣ ማለትም ፈሳሹንና ኮይሉን የሚይዘው ክፍል፣ በአንድ ወጥ የብሎን መግጠሚያ ስለሚገጠም የሌላ ኩባንያ ታንክም ይቀበላል። በጥንካሬው ካየነው ከሁሉም ይበልጣል።

ወጪው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፖድ ላይ በቀን 3 ሚሊ ሊትር የሚበቃው ሰው እዚህ ላይ 12 ሊጨርስ ይችላል። በወር 360 ሚሊ ሊትር ይመጣል። የፖዱ 90 ነበር። ኒኮቲኑ ዝቅተኛ የሆነው ፈሳሽ በትልቅ ጠርሙስ ሲገዛ በሚሊ ሊትር ይረክሳል፣ ራሱ ለሚቀምም ሰው ደግሞ በጣም ይረክሳል። ቢሆንም አራት እጥፍ አራት እጥፍ ነው።

ባትሪው ደግሞ እውቀት ይፈልጋል። 18650 የሚባለው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ 21700 የሚባለው 21 በ70 ነው። ቁልፍና ሳንቲም ካለበት ኪስ ውስጥ ያለ መያዣ የተቀመጠ ባትሪ ሾርት አድርጎ ሊቃጠል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የላስቲክ ልባሱ የተቀደደ ባትሪ አይነካም። ሁለት ባትሪ ለሚይዝ ሞድ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ አብረው የተገዙ፣ አብረው ቻርጅ የሚደረጉ መሆን አለባቸው። የምትገዙትም ከታወቀ ሻጭ ይሁን፤ አስመስሎ የተሠራ ባትሪ ገበያው ላይ ብዙ ነው።

ሽቦውን ራሳቸው ጠምጥመው፣ ጥጡን ራሳቸው የሚያስገቡበትን ታንክ የሚወዱም አሉ። ጥቅል ሽቦና የጥጥ ከረጢት ለረጅም ጊዜ ስለሚበቃ የኮይል ወጪያቸው ከምንም አይቆጠርም። ግን የኦምን ሕግ (የቮልቴጅ፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትና የመቋቋም ስሌት) የማያውቅ ሰው አይግባበት። ለጀማሪማ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ሂሳቡን ቤት ውስጥ ስታቀርቡ

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ወጪዎችን ለዩ። ሲጋራ ለማቆም የሚወጣው አንድ ነው፤ ደስ ስላለን የምንገዛው ሁለተኛ ሞድ፣ ሦስተኛ ታንክና አዲስ ቀለም ሌላ ነው። "ለጤናዬ ነው" የሚለው ምክንያት የሚሠራው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ለሁለተኛውም ይህንኑ የተናገረ ሰው የመጀመሪያውን እውነት ያበላሻል። ሚስት ወይም ባል መሣሪያው ስንተኛ እንደሆነ መቁጠር ያውቃሉ።

ከዚያ ያለፈውን ወር የሲጋራ ወጪ አብራችሁ ጻፉ። ከጎኑ የፖዱን የወር ወጪ አስቀምጡ፦ 90 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ ከሁለት እስከ አራት ፖድ ወይም ኮይል፣ የመሣሪያው ዋጋ ደግሞ ለአሥራ ሁለት ወር ተካፍሎ። የየአካባቢያችሁን ዋጋ አስገቡበት። ሲጋራ ከፍተኛ ግብር በሚጣልበት ቦታ ልዩነቱ ያለ ብዙ ንግግር ይታያል። ሲጋራ ርካሽ በሆነበት ቦታ ግን ላይታይ ይችላል። ያኔ የቁጠባውን ክርክር ተዉት፣ ስለ ጤናው ብቻ በሐቅ ተነጋገሩ።

ስለ ጤናው የምትሉት ነገር አለ። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን፣ ኒኮቲን ያለው ቬፕ ከፕላስተርና ከማስቲካ የበለጠ ሰዎችን ከሲጋራ እንደሚያላቅቅ ጠንካራ ማስረጃ አለ ብሏል። ግን ይህ የሚሠራው ሲጋራው ሙሉ በሙሉ ሲቀር ነው። ጠዋት ሲጋራ፣ ማታ ቬፕ ከሆነ በጤና የተገኘው ጥቅም እዚህ ግባ አይባልም፣ ቤቱም ለሁለት ሱስ እየከፈለ ነው። እንዲህ ከሆነ ቅሬታ የሚያነሳው የትዳር አጋር ልክ ነው፣ በምንም ቁጥር አይረታም።

ከሲጋራው የተረፈው ገንዘብ የቤቱ እንጂ የቬፑ እንዳልሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። መዝናኛውን ከወደዳችሁት ለሁለታችሁም እኩል የሆነ የግል ወጪ ቁረጡ። እሷ ወይም እሱ የራሳቸውን ለፈለጉት ያውሉታል፣ እናንተም ታንክ ትገዙበታላችሁ። ዕቃ ደብቆ ማስገባት፣ ዋጋውን ከፍሎ ግማሹን መናገር ግን አይሆንም። ያን ጊዜ ጠቡ ከገንዘብ ያልፋል።

ደግሞም ከገንዘብ ጀርባ ያለውን ሥጋት አድምጡ። "እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ስንት ሰው ሳንባው ተጎዳ" የምትል ሚስት እውነቷን ነው። ያ ጉዳት በዋናነት የተያያዘው ከጥቁር ገበያ በተገዛ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ ከተገኘ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነው። ስለዚህ መልሱ ምንጩ የማይታወቅ ፈሳሽ ቤት እንደማይገባ ቃል መግባትና መጠበቅ ነው። ልጆች ካሉ ፈሳሹ ተቆልፎ ይቀመጥ። የተጠጣ የኒኮቲን ፈሳሽ ሕፃን ልጅ ሊገድል ይችላል። ቤት ውስጥና መኪና ውስጥ አይሳብ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ካለች። ባትሪም ሁሉም ተኝቶ እያለ ቻርጅ ላይ አይደር።

የሚቀረው "መቼ ነው የምትተወው?" የሚለው ጥያቄ ነው። ፖዱን ያስቀደምኩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ፈሳሹን እየቀየሩ ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5 መውረድ ይቻላል። ቀን ቆርጦ ከመማል ይልቅ የአሁኑን ጠርሙስ መጠንና የሚቀጥለውን መጠን መናገር ይሻላል። የሲጋራው አምሮት ከተመለሰባችሁ ግን አትቸኩሉ፣ ለጊዜው ባላችሁበት መጠን ቆዩ ወይም ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሱ። ይህንንም ለትዳር አጋራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከ10 ወደ 20 የተመለሰ ጠርሙስ ያየ ሰው ምክንያቱን አስቀድሞ ይወቀው።