ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ፒክ ስሪና ኪኖ ላይ ረጋ በሉ

ስለ ፓወርቦል፣ ስለዚያ ትልቁ ሎተሪ ልነግራችሁ አይደለም። እሱ እንደማይወጣ ሁላችንም እያወቅን ነው የምንቆርጠው። ሁለት ዶላር ከፍለን፣ ማታ አልጋ ላይ ሆነን ቤት ገዝተን፣ ዘመድ ረድተን እንተኛለን። አለቀ። የኔ ስጋት ትንንሾቹ ናቸው። ፒክ ስሪ (ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር የሚመረጥበት)፣ ፒክ ፎር (ባለ አራት)፣ ኪኖ (ቁጥር ስክሪን ላይ የሚወጣበት)፣ ሬስ ትራክስ (የፈረስ ውድድር)። ሲልቨር ስፕሪንግና ላንግሊ ፓርክ አካባቢ የኛን ሰው ኪስ የሚያራግፉት እነዚህ ናቸው፤ ደግሞ ማንም እንደ ቁማር አይቆጥራቸውም። «መንግሥት የሚያጫውተው ነው» ይባላል።

እውነት ነው፣ የመንግሥት ነው። የሜሪላንድ ሎተሪ በ1973 ነው የጀመረው። ፒክ ስሪ በ1976 ተከተለ። ያኔ መንደር ውስጥ በድብቅ የሚጫወቱት የቁጥር ቁማር ነበር፤ ስቴቱ ራሱ ይዞት መጣ። አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ዕጣው በግልጽ ይወጣል፣ ክፍያው ተጽፏል። ችግሩ ያለው የተጻፈው ክፍያ ላይ ነው።

አስቡት። ፒክ ስሪ ላይ ከ000 እስከ 999 ድረስ በድምሩ አንድ ሺህ ቁጥር አለ። ሁሉንም በአንድ አንድ ዶላር ብትገዙ ሺህ ዶላር ከፈላችሁ። አንዱ በእርግጠኝነት ይወጣላችኋል። ስንት ይሰጣችኋል? 500። ግማሹ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ፒክ ፎርም ያው ነው፤ አሥር ሺህ ቁጥር፣ ለአንድ ዶላር 5,000። «እኔ ቦክስ ነው የምጫወተው፣ ዕድሉ ሰፊ ነው» የሚሉ አሉ። ቦክስ ማለት ቁጥሮቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢወጡ የሚከፈልበት ነው። ሦስቱም ቁጥሮች የተለያዩ ከሆኑ በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊወጣላችሁ ይችላል፣ ግን የሚከፈለው 80 ነው። ስድስት ጊዜ ሰማንያ 480። በትክክለኛው ቅደም ተከተል ብቻ ከሚከፍለው ከስትሬቱም አነሰ!

ለማነጻጸር ያህል፣ የሜሪላንድ ሕግ የካዚኖ ማሽን በአማካይ ቢያንስ 87 በመቶውን እንዲመልስ ያስገድዳል። ካዚኖ ሂዱ ማለቴ አይደለም፣ እዚያ ደግሞ ፍጥነቱ ይገድላል። ግን «ካዚኖ አልደርስም» ብሎ የሚምል ሰው ጥግ ካለው ሱቅ ከዚያ የባሰ ዋጋ እየከፈለ መሆኑን ይወቅ። ዕጣው ቀንና ማታ ይወጣል። በየዕጣው አምስት ዶላር የሚጥል ሰው በዓመት 3,650 ዶላር ያወጣል። በአማካይ ግማሹ ቢመለስለት እንኳ 1,825 ሄደ። ለእናት የሚላክ ገንዘብ ነው ይሄ።

ኪኖ ይባስ። ከካሸሩ በላይ ስክሪን አለ፤ ከ80 ቁጥር 20ው አንድ በአንድ ሲበራ ሰው ቡናውን እንደያዘ አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀራል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሌላ ይጀምራል። ከሥራ የወጣ የታክሲ ሹፌር «አንዴ ብቻ» ብሎ ቆሞ ሽፍቱ ያመጣለትን እዚያው ትቶ ሲወጣ አይቻለሁ። አሥር ቁጥር መርጣችሁ አሥሩም እንዲገጥሙ ያላችሁ ዕድል ከ8.9 ሚሊዮን አንድ ነው። ሽልማቱ 100,000። ሽልማቱን ሊያባዛ የሚችለውን ሱፐር ቦነስ ስትጨምሩ ደግሞ የአንድ ዶላሩ ጨዋታ ሦስት ዶላር ይሆናል። ሬስ ትራክስም ፈረሱ ኮምፒውተር የፈጠረው ነው፤ «ይሄኛው ዛሬ ጥሩ ሮጧል» እያላችሁ አትከራከሩ።

የሚፋቀው ትኬት ላይ አንድ ነገር። የ20 እና የ30 ዶላሩን ከመግዛታችሁ በፊት ትልቁ ሽልማት ቀርቶ እንደሆነ የሎተሪው ድረ ገጽ ላይ እዩ፤ ይለጠፋል። ጎረቤት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ፕሮፌሰር ትልቁ ሽልማት ካለቀ በኋላም ትኬቱ ይሸጥ እንደነበር አውቆ በ2008 ስቴቱን ከሷል።

ሌላው፣ ትኬታችሁን ለካሸር ሰጥታችሁ ቃሉን አትመኑ። የማውቃቸው አንድ አባት ስሙን በማልጠራው ሱቅ ትኬታቸውን ሰጡ። «ምንም የለውም» ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ልጃቸው አንስቶ በስልኩ አፕ ስካን ሲያደርገው 80 ዶላር! ስህተት ነው አለ ካሸሩ። ይሁን። ገና ስትገዙ ጀርባው ላይ ፈርሙ፣ ራሳችሁ ስካን አድርጉ። «ትልቅ ከወጣልህ ትኬቱን እኔ ልግዛህ፣ ታክስ የለብህም» የሚል ሰው ካገኛችሁ ሽሹ። በቴሌግራም «የሚወጣ ቁጥር» የሚሸጥላችሁም፣ ደውሎ «ሎተሪ ደርሶሃል፣ ክፍያ ላክ» የሚላችሁም ያው ነው።

ብዙዎቻችን በዲቪ ስለመጣን ይመስለኛል፣ ዕጣ ዘመዳችን ነው ብለን የምናምነው። «ገንዘቡ ለሕዝብ ነው» የሚለውም ትንሽ ያጽናናል። ትርፉ በአብዛኛው ወደ ስቴቱ ካዝና ይገባል፤ ባልቲሞር ያለው የካምደን ያርድስ የቤዝቦል ስታዲየምም በሎተሪ ገንዘብ ነው የተሠራው። ቤዝቦል የማያይ ሐበሻ የስታዲየም ባለ አክሲዮን ሆኖ ቀርቷል።

መኪና ኪስ ውስጥ የተረሱ ትኬቶች ካሏችሁ ዛሬውኑ እዩአቸው፤ ሽልማት የሚጠየቀው ዕጣው ከወጣ በ182 ቀን ውስጥ ነው። ከቤታችሁ ማቆም ያቃተው ሰው ካለ ደግሞ 1-800-426-2537 ይደወላል። ነጻ ነው፣ ሌሊትም ያነሳሉ።